ሾተላይና ሰማያዊው ብርሃን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው "ዕረፍት እንዴት ነው?" ሲለኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ባለፈው ሰሞን ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚኒባስ ስመጣ አጠገቤ አንዲት አራስ ተቀምጣ ነበር። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ በላዩ ፎጣ ደርባበታለች። የቆላው ሙቀት መቼም ይታወቃል፤ እኔ መስኮት ዳር ተቀምጬ እንኳ ላቤን እጠርግ ነበር። ዝም ለማለት ሞከርኩ። መንገድ ዳር ያለውን ማሽላ እያየሁ ትንሽ ከቆየሁ በኋላ አቃተኝ።

"የኔ ልጅ፣ መቼ ነው የተገላገልሽው?"

"ገና ሳምንቴ ነው እትዬ።"

"እስቲ ፊቱን ግለጪልኝ።"

ጭራሽ ጠበቅ አድርጋ ሸፈነችው። አልፈረድኩባትም፤ የማታውቀው ሰው ያራስ ልጇን ፊት ልይ ሲላት የትኛዋ እናት እሺ ትላለች? ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ነው የገላገለኝ። "ኧረ ግለጪላቸው፤ ሲስተር ትርንጎ ናቸው። የኔንም መንታዎች ያስታመሙልኝ እሳቸው ናቸው" አላት።

የመስኮቱን መጋረጃ ወደ ጎን ሰበሰብኩና የሕፃኑን የአፍንጫ ጫፍ በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። ቀጥሎ ግንባሩን፣ ቀጥሎ ደረቱን። ጣቴ ሲነሳ ደም ተመልሶ እስኪመጣ ባለችው ቅጽበት ከቆዳው ሥር ያለው ቀለም ይታያል። ፊቱ ላይ ስስ ቢጫ አለ፤ ደረቱ ግን ንጹሕ ነው።

"ደህና ነው፤ አትስጊ። ቶሎ ቶሎ አጥቢው። ቢጫው ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ከወረደ፣ ወይም መጥባት እምቢ ካለ ግን ዛሬ ነገ ሳትይ ወደ ሐኪም ውሰጂው።"

"እርስዎ ጋ ላምጣው?"

"እኔ እንኳ ጡረታ ወጥቻለሁ።"

"እጃቸው ግን አልወጣም" ብሎ ጎልማሳው ሳቀ፤ ተሳፋሪውም አብሮ ሳቀ።

እውነቱን ነው። ከሥራ ዘመኔ አብዛኛው ያለፈው ቢጫ የሆኑ ሕፃናትን በማየት፣ ልብሳቸውን አውልቆ ብርሃን ሥር በማስተኛት፣ ዓይናቸውን በመሸፈንና እናቶቻቸውን በማጽናናት ነው። ሥራው ከውጭ ለሚያየው ብዙ ነገር የለውም። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሥራ የጀመርኩት ጎብዬ ነው። ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበረች፤ እኛም ጥቂት ነበርን፤ ሁላችንም ሁሉንም እንሠራለን። ወባ እናክማለን፣ ቁስል እናጥባለን፣ እናቶችን እናዋልዳለን። የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ከየቀበሌው የመጣው ሰው ሽንኩርቱንና ፍየሉን ሸጦ ወደ እኛ ይጎርፋል። ያኔ ቢጫ የሆነ ሕፃን ሲመጣ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁት።" ትምህርት ቤትም የተማርነው ከዚያ ብዙም አይርቅም። አብዛኞቹ ሕፃናት ደግሞ በራሳቸው ይሻላቸዋል። አዲስ የተወለደ ልጅ ትርፍ ደሙን ሲሰባብር የሚወጣውን ቢጫ ነገር ጉበቱ ገና አጣርቶ ስለማይጨርሰው ነው ቆዳው ቢጫ የሚሆነው፤ ጡት ሲጠባና ሆዱ ሲሠራ ቢጫው በሰገራና በሽንት እየወጣ ያልቃል። የማይሻላቸው ጥቂቶቹ የት እንደሚደርሱ ግን አናውቅም ነበር። ተመልሰው አይመጡማ።

ወደ ቆቦ ስዛወር የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገና መከፈቱ ነበር። ማንም ሊመደብበት አይፈልግም። ታማሚው አይናገር፣ አያመሰግን፣ የሚያመውንም አይነግርህ፤ ሲሞት ደግሞ እናቱ ፊት ነው የሚሞተው። አዲስ መጪ ስለነበርኩ እኔ ላይ ወደቀ። የደረጃ ዕድገቴ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ስለነበረ ለመከራከርም አፍ አልነበረኝም። አኩርፌ ገባሁ።

እዚያ ነው ሲስተር ከድጃን ያገኘኋት። የክፍሉ ኃላፊ ነበረች። የራያ ቆላ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ስትራመድ የማትሰማ ሴት። ገና ሰላም ሳልላት እጄን ያዘችና "ቀዝቃዛ ነው" አለችኝ።

"አሁን ታጥቤ ነው።"

"ታዲያ አሙቂው" አለችኝ አጠገቧ ወደተኛ ሕፃን እያመለከተች። "ይሄ ልጅ ከእናቱ ሆድ ከወጣ ገና መንፈቀ ቀን አልሞላውም። በቀዝቃዛ እጅ ነክተሽው ሊያለቅስብሽ ነው፤ ሲያለቅስ ፊቱ ይቀላል፤ ሲቀላ ቢጫውን አታዪውም።"

ሁለቱን መዳፎቿን ብብቷ ሥር ከትታ ቆማ አሳየችኝ። ውጭ ምድር የሚያቃጥል ፀሐይ አለ፤ እሷ እጇን ታሞቃለች። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሕፃን ከመንካቴ በፊት እጄን ብብቴ ሥር ሳልከት ቀርቼ አላውቅም።

ከድጃ ሕፃን በአምፖል ብርሃን አይታ አትወስንም። ጠዋት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ እያንዳንዱን ልጅ ወደ መስኮት ትወስዳለች። ፊት፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጭን፣ መጨረሻ ላይ መዳፍና የእግር ሥር። ቢጫው ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ እግር ሥር የደረሰ ልጅ ብዙ ጊዜ የለውም። ቆዳው ጠቆር ያለ ከሆነ ድዱንና የዓይኑን ነጭ ታያለች። "ዓይንሽ ሊስት ይችላል" ትለኛለች፤ "ደሙን ደግሞ ላብራቶሪ ላኪ። ግን ሳታዪ አትላኪ።"

አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሴ ለእናቶች ክብር ሲሉ የክፍሉን መስኮቶች እስከ ሰው አንገት ድረስ ነጭ ቀለም አስቀቧቸው። ደግ አስበው ነው። ከድጃ ግን ምላጭ ይዛ ወንበር ላይ ወጥታ መፋቅ ጀመረች። አቶ ደምሴ ጥሪ ደርሷቸው እየሮጡ መጡ።

"ሲስተር፣ ምን እያደረግሽ ነው? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው!"

"ቢጫ ልጅ በነጭ መስኮት ምን እንደሚመስል ልንገርዎ?" አለች ሳትዞር። "ጤነኛ ይመስላል።"

አቶ ደምሴ ኮታቸውን አውልቀው ምላጩን ተቀበሏትና የቀረውን ፋቁት። ከዚያ በኋላ እናቶች ሲያጠቡ የምንጋርድበት መጋረጃ ከየት እንዳመጡልን አላውቅም፤ አመጡልን።

የብርሃን ማሽናችን አንድ ነበር። ሰማያዊ ብርሃን ያለው፣ ሕፃኑ ከሥሩ ራቁቱን የሚተኛበት። ብርሃኑ ቆዳው ውስጥ ያለውን ቢጫ ነገር ሰውነቱ ሊያስወጣው በሚችል መልክ ይለውጠዋል። ዓይኑ በጥጥና በፋሻ ይሸፈናል፤ አፍንጫው እንዳይታፈን ግን ፋሻውን ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ዳይፐሩም ብርሃኑን እንዳይከልል ትንሽ ብቻ ይሆናል። ልጁ በሆዱና በጀርባው እየተገላበጠ ይተኛል። በማሽኑ ዙሪያ ነጭ አንሶላ እንሰቅላለን፤ ብርሃኑ እየነጠረ እንዲመለስ። ከድጃ አምፖሎቹ የተቀየሩበትን ጊዜ ሁልጊዜ ታስታውሳለች። "ስለበራ እየሠራ ነው ብለሽ አትዘናጊ። አርጅቶም ይበራል" ትለኛለች።

ከሁሉ የወደድኩላት ግን ወንበሯን ነው። ለእናትየዋ ወንበር የምታስቀምጠው በልጁ ራስጌ በኩል ነበር። "ዓይኑን ሸፍነንበታል። የት እንዳለ የሚያውቀው በድምፅሽ ነው፤ አውሪው" ትላቸዋለች። እናቶቹ መጀመሪያ ያፍራሉ። በኋላ የጎረቤቱን፣ የከብቱን፣ የባለቤታቸውን ነገር ሁሉ ለልጁ ያወሩለታል፤ አንዳንዷማ እኛ መኖራችንን ረስታ አማቷን ታማለች።

የከበደኝን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከአፋር ወሰን ወዲህ ካለው ቆላ ዘሃራ የምትባል ወጣት እናት እኛ ዘንድ ወልዳ፣ ልጇም እሷም ደህና ሆነው ወጡ። ሲወጡ ቢጫ ካያችሁ ቶሎ ተመለሱ ብለን ነገርናት፤ እሺ አለች። ተመልሰው ሲመጡ ሕፃኑ በአያቱ እቅፍ ነበር። ጀርባው እንደ ደጋን ተለጥጧል። ጩኸቱ የልጅ ጩኸት አይደለም፤ ቀጭንና ስል ነው። ልብሱን ስናወልቀው ከራሱ እስከ እግሩ ሥር እንደ እርድ ነበር። ከድጃ ወዲያው ብርሃን ሥር አስገባችው፤ ሐኪሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈለት፤ አብሬው ሄድኩ፤ ደሙ በሌላ ደም ተቀየረለት። ልጁ ተረፈ። ቢጫው ግን አስቀድሞ አንጎሉ ዘንድ ደርሶ ነበር። ወራት ቆይታ ዘሃራ ለምርመራ ይዛው ስትመጣ "ሲስተር፣ ሰኢድ ብዬ ስጠራው አይዞርም" አለችኝ። አይሰማም ነበር።

ያን ዕለት አያትየዋን አናገርናቸው። እኔ በልቤ ተቆጥቼ ነበር፤ ለምን ዘገዩ ብዬ። ሴትዮዋ እጃቸውን ዘርግተው እንዲህ አሉ፤ "ልጄ፣ አራስ ቤት ጨለማ ነው። ንፋስ እንዳይመታት፣ ሰው እንዳያያት ብለን በር እንዘጋለን። እሷ ትንሽ መብራት ይዛ ነው የምታጠባው። ምን አይቼ ላምጣው? ቢጫ መሆኑን ያየሁት ጩኸቱ ሲያስፈራኝ ይዤው ወደ ደጅ ስወጣ ነው። ያረቢ፣ አይቼው ቢሆን እተወው ነበር?"

ያስተማርነው ነገር ስህተት አልነበረም፤ ግን በዚያ ቤት ውስጥ የሚሠራ አልነበረም። ለእናቲቱ "ቢጫ ካየሽ" አልናት፤ የምታይበት ብርሃን እንደሌላት አልጠየቅናትም። ከድጃ ብዙ ቀን ምግብ አልበላ ብሏት ሰነበተች። ከዚያ አንድ ጠዋት "ከዛሬ ጀምሮ አያቶች ሳይመጡ ማንም ከዚህ አይወጣም" አለች።

እንዲህም ሆነ። እናትና ልጅ ሊወጡ ሲሉ አማቷን ወይ እናቷን እናስጠራለን። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር እናስቀምጣቸውና ልጁን እሳቸው እቅፍ ላይ አድርገን ጣታቸውን ይዘን አፍንጫውን እናስጫናቸዋለን። "በየጠዋቱ በር ላይ ይዘውት ይውጡ። ፀሐይ እንዲመታው ሳይሆን እርስዎ እንዲያዩት ነው። አይተው መልሰው ያስገቡት፤ በሩንም ይዝጉት።" አራስ ቤታችሁን አፍርሱ አላልናቸውም። ትንሽ ጊዜ ክፈቱት ነው ያልናቸው። ያን እሺ ማለት ከበዳቸው አልልም፤ አያቶቹ እንዲያውም ሥራ በማግኘታቸው ደስ ይላቸው ነበር። ዘሃራ ሁለተኛዋን ልጅ ስትወልድ ያቺው አያት ሕፃኗን ታቅፈው፣ ቢጫው ገና ደረቷ ላይ ሳለ ከች አሉ። "ዛሬ ቀደምኩት" አሉ። ሰኢድ ዛሬ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈተ ክፍል ይማራል፤ በእጁ ሲያወራ ከኔ ምላስ ይፈጥናል።

ከድጃ ጡረታ ወጥታ ክፍሉን እኔ ያዝኩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለሱ ብዙ አልናገርም፤ ያየው ያውቀዋል። ሲያልፍ ወደ ሥራ ስንመለስ ከክፍሉ ዕቃ የቀረው ጥቂት ነው። የብርሃን ማሽኑን ግን ጥበቃው ከአሮጌ ፍራሾች ሥር ሸሽጎ አቆይቶልን ነበር። አቅፌው አለቀስኩ፤ ማሽኑን ነው የምላችሁ። ችግሩ ከተማው መብራት አልነበረውም። ለጄኔሬተሩም ነዳጅ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

የሺ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። የሮቢት አካባቢ ገበሬ ሚስት ናት። ባለቤቷ ካሳው በመስኖ ሽንኩርት ያመርታል። እርጉዝ ሆና ለክትትል ስትመጣ ሌሎቹ እርጉዞች ከተቀመጡበት አግዳሚ ርቃ፣ ጥግ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማ አገኘኋት።

"ለምን አትቀመጪም?"

"እኔ እነሱ ዘንድ መቀመጥ የለብኝም ሲስተር" አለች ቀስ ብላ። "ሾተላይ አለብኝ።"

የመጀመሪያ ልጇ ደህና ናት። ከዚያ በኋላ የወለደቻቸው ግን ሁሉም በተወለዱ በቀናቸው ቢጫ እየሆኑ ሞተውባታል። በአገራችን እንዲህ ልጅ የማይበረክትላትን ሴት ሾተላይ አለባት ይሏታል። እርጉዝ ሴት ካየቻት ወይ ከነካቻት ይጋባል ብለው ይፈራሉ። ጎረቤቶቿ ሲያረግዙ መንገድ ይቀይሩባታል። ውሃ ስትቀዳ ሌላው ቀድቶ እስኪሄድ ትጠብቃለች። አማቷ እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ ልጃቸው ሌላ እንዲያገባ መምከር ጀምረዋል።

የደም ምርመራዋ ውጤት ሲመጣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሊያስረዳት ፈልጎ "ሾተላይ የሚባል ነገር የለም እኮ" ሲላት ፊቷ ዝግት አለ። ከድጃ ትዝ አለችኝ። ከድጃ እንዲህ ያለችን ሴት አንድም ቀን የለም ብላት አታውቅም። የቀበረችው ልጅ አለ፤ እንዴት የለም ይባላል?

"አለ" አልኳት። "ሾተላይ አለ። እኛም እናውቀዋለን። ደምሽ ውስጥ ነው እንጂ ዓይንሽ ውስጥ አይደለም፤ አይጋባም። ያንቺ ደም ኔጌቲቭ የሚባል ነው፤ የልጁ ደግሞ የአባቱን ወስዶ ፖዘቲቭ ይሆናል። የመጀመሪያዋ ስትወለድ ደማችሁ ተነካካ። ከዚያ ወዲህ ያንቺ ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይሰብረዋል። ቢጫው የተሰበረው ደም ነው።"

"እና እኔ ነኝ የምገላቸው?" አለች።

"አንቺ አይደለሽም። በጊዜው መርፌ ቢሰጥሽ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር፤ አልተሰጠሽም። አሁን መርፌው አልፎበታል። ልጁን ግን ልንደርስለት እንችላለን።"

ያሰብነው ትልቁ ሆስፒታል ሄዳ እንድትወልድ ነበር። ቀኗ ከመድረሱ በፊት ግን ምጥ መጣ። ደጋው ላይ ዘንቦ ከሮቢት ወዲያ ያለው ወንዝ ሞልቶ ስለነበር ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚሄድ መኪና አልነበረም። ረፋድ ላይ እኛው ዘንድ ወለደች፤ ሴት ልጅ። ቀይ፣ ትንሽ፣ ደህና አድርጋ የምታለቅስ። እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ መስኮት ወሰድኳት። ለጊዜው ንጹሕ ናት። ቀትር ላይ ደግሜ ሳያት አፍንጫዋ ቢጫ ነበር። በተወለደበት ቀን ቢጫ የሆነ ልጅ አይጠበቅም፤ ይሮጥለታል።

ማሽኑ አለ፤ መብራት የለም። እማማ ጥሩወርቅ "ፀሐይ እናሙቃት፤ ይሄው ፀሐይ!" አሉኝ ወደ ደጅ እያመለከቱ። እንደዚያ ያለችው ልጅ በዚያ ፀሐይ ከመዳን ይልቅ ተቃጥላና ደርቃ ትቀራለች፤ ይህን ስነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ካሳው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

"ሲስተር፣ ያ ማሽን ብዙ ኃይል ይበላል?" አለኝ።

"ምነው?"

"ውሃ የምስብበት ሶላር አለኝ። ፓምፑን ይነዳል።"

የጥገና ባለሙያችን ሙሉጌታ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። "ኃይሉን የሚቀይር ኢንቨርተርና ባትሪ ከተገኘ ይሠራል! ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው ልጅ ሱቅ አለ።" ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። ካሳው ባጃጅ ይዞ ሮቢት ደርሶ፣ ሁሴን በሚባል የሽንኩርት ነጋዴ ፒካፕ ፓነሎቹን ጭኖ ሲመለስ ፀሐይዋ ገና ከፍ እንዳለች ነበር። ባለ ሱቁ ባትሪውንና ኢንቨርተሩን ነቅሎ ተሸክሞ መጣ፤ ተሰልፈው ስልካቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎችም ተከትለውት መጡ። ሙሉጌታ ሽቦውን በመስኮት አስገባ። ማሽኑ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። ሙሉጌታ ደግሞ ነካካውና ክፍሉ ሰማያዊ ሆነ። ግቢው ውስጥ እልልታ ተሰማ።

ወሬው ከድጃ ዘንድ ደርሶ ኖሮ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ወደ ክፍሉ አልገባችም። "እዚያ አንቺ አለሽ" አለችኝ። በርጩማ አስመጥታ ግቢው ውስጥ ፓነሎቹ አጠገብ ተቀመጠች። የቆቦ አቧራ ይታወቃል፤ ፓነሉን ወዲያው ያለብሰዋል። እርጥብ ጨርቅ ይዛ ስታብስ፣ ጥላው በዞረ ቁጥር ሰው እየጠራች ስታስዞር ዋለች። "አንተ፣ በዚያ በኩል ያዝ፤ ቀስ፣ ቀስ!" የሚለው ድምፅዋ እስከ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

የሺ በልጇ ራስጌ ተቀምጣለች። ግን ዝም ብላለች።

"አውሪያት" አልኳት።

"ምን ልበላት? እኔ ለሚሞት ልጅ ማውራት ፈርቻለሁ ሲስተር።"

"የሽንኩርቱን ማሳ ንገሪያት።"

ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ ጀመረች። "አባትሽ የሽንኩርቱን ውሃ መሳቢያ ነቅሎ አምጥቶልሻል። ሽንኩርቱ ሊደርቅ ነው፤ ተነሽና አጠጪለት..." በየመሃሉ ጡቷን ታልብላታለች፤ ልጅቱ እየደከመች ስለነበር በትንሽ በትንሹ በኩባያ እንሰጣታለን።

ቢጫው ወዲያው አልወረደም፤ ግን ሩጫው ቀነሰ። በባትሪው አድርገን አነጋነው። በማግስቱ ወንዙ ጎድሎ መንገድ ተከፈተ። ሁሴን ፒካፑን አስነስቶ እየጠበቀን ነበር። ልጅቱን ራቁቷን የእናቷ ደረት ላይ፣ ከልብሷ ሥር አስረን ወጣን። መንገዱን ሙሉ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነበር።

ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ልጅቱን አይታ ደሟ መቀየር አለበት አለች። ማለትም የልጅቱ ደም በጥቂት በጥቂቱ እየተቀዳ በምትኩ የማይሰበር ደም ይሰጣታል። የሚያስፈልገው ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ በአገራችን ብዙ ሰው የለውም፤ ደም ባንኩም አልነበረውም። ካሳው ተመረመረ፤ የሱ አይሆንም። እኔም አልሆንኩም። ሁሴን ከመኪናው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ እያራገፈ መጣና "እኔንም እዩኝ፤ ነዳጅ እስካገኝ ሥራ የለኝ" አለ።

የላብራቶሪው ልጅ ሁለት ጊዜ መረመረው። ከዚያ ወጥቶ "የፒካፑ ሹፌር የታለ?" ብሎ ጠራ።

"ምነው፣ መንገድ ዘጋሁ?"

"ኧረ የለም። ደምህ ይሆናል።"

ሁሴን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ከዚያ ደግሞ "መርፌ እፈራለሁ እኮ" አለ። ካሳው ሳቀ። ልጅቱ ከተወለደች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ሐኪሟ ደሙን ስትቀይር አጠገቧ ቆሜ የልጅቱን ልብ እያዳመጥኩ ነበር። ዝግ ያለ ሥራ ነው፤ ጥቂት ማውጣት፣ ጥቂት ማስገባት፣ ማረፍ፣ ደግሞ እንደገና። ሲያልቅ ከንፈሯ ቀልቶ ነበር። በማግስቱ አፏን ከፍታ ጡት ፈለገች፤ የሺ ስታጠባት እንባዋ የልጅቱ ግንባር ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ አላበሰችውም።

ከሆስፒታል ሳትወጣ የመስማት ምርመራ ተደረገላት። በጆሮዋ አጠገብ ድምፅ ሲሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንዴ ደግሞ ደነገጠች። ሰኢድን አስቤ ወደ ውጭ ወጣሁና ብቻዬን ትንሽ ቆየሁ።

ክርስትናዋ ዕለት ሮቢት ተጠራሁ። ከድጃንም ይዤ ሄድኩ፤ ያደረሰንም ሁሴን በፒካፑ ነው። እማማ ጥሩወርቅ ለልጅቱ ማስረሻ ብለው ስም አውጥተውላት ነበር። ዳሱ ሙሉ ነው። ምግቡ ቀርቦ ሰው እየበላ ሳለ አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤት፣ ሆዷ የገፋ ልጅ እግር ሴት፣ ዳሱ አፍ ላይ ቆማ ስታመነታ አየሁ። የሺም አየቻት። ያን የለመደችውን አደረገች፤ ልጇን አቅፋ ከተቀመጠችበት ተነሳችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ጓዳ ልትገባ ተራመደች።

"ወዴት ነሽ?" አሉ እማማ ጥሩወርቅ፤ ድምፃቸው ዳሱን ሁሉ ዝም አሰኘው።

"እሷ ትግባ ብዬ ነው እማማ።"

"ይሄ ያንቺ ቤት ነው። ነይ ተቀመጪ።" ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። "አንቺም ግቢ። እዚህ፣ እሷ አጠገብ።"

ነፍሰ ጡሯ ሁላችንንም ዞር ዞር ብላ አየችን። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ የሺ አጠገብ፣ ትከሻዋ ትከሻዋን እስኪነካ ተቀመጠች። ማስረሻ በእናቷ እቅፍ ሆና ትራገጥ ነበር፤ አንድ እግሯ የነፍሰ ጡሯን ሆድ መታ። የሺ ደንግጣ ልጇን ልትስብ ስትል ጎረቤቷ እጇን ዘርግታ ትንሿን እግር ያዘች። አልለቀቀቻትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ጠየቀችኝ፤

"ሲስተር፣ እኔም ደሜን መመርመር እፈልጋለሁ። መቼ ልምጣ?"

"ነገ ነይ" አልኳት።

ከድጃ ከአጠገቤ ሆና ጎኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝ። "አማቷንም ይዛ ትምጣ በያት" አለችኝ።